አጃቢዎቹ የሠሩት ጠፈር፦ የስታር ዋርስ ፊልሞች ግምገማ

የስታር ዋርስን ጥቁር ጭንብል ለባሽ ጨካኝ ዳርዝ ቬደርን ለተመልካች ማስተዋወቅ ዛሬ ትርፍ ድካም ነው። ስለዚህ ይህ ግምገማ ፊልሞቹን የሚመዝነው ስማቸው በማይጠራ ወይም ሁለት ቃል ተናግረው በሚጠፉ ንዑሳን ገፀ ባሕርያት ነው። በዚህ ሚዛን የ1977ቱና የ1980ው ፊልሞች (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አቻ የላቸውም። የ1983ቱ ግማሹ ጥሩ ነው፤ ከ1999 እስከ 2005 የወጡት ሦስቱ በአብዛኛው ይወድቃሉ። የ2016ቱ «ሮግ ዋን» አንድ ቦታ ላይ ቢሰናከልም የጠፋውን መንገድ መልሶ ያገኘዋል።

የመጀመሪያውን ፊልም መክፈቻ ልብ ብላችሁ እዩ። የዓማፅያኑ ልዕልት መንኮራኩር ጋላክሲውን በሚገዛው ኢምፓየር ከተያዘች በኋላ፣ በሩ ከመፈንዳቱ በፊት፣ ካሜራው ኮሪደሩ ላይ የተሰለፉትን ወታደሮች ፊት ያሳያል። ዓይናቸውን ወደ ጣራው ሰቅለው ድምፁን ይከተላሉ፤ ፈርተዋል። ጠላት ገና አልታየም፣ ምን ዓይነት ጠላት እንደሆነ ግን ገባን። ጥቂት ቆይቶ አንድ የኢምፓየሩ ተኳሽ የማምለጫ መንኮራኩር ስትወርድ ያያል። አለቃው ውስጧ ነፍስ ያለው ነገር ስለሌለ ተበላሽታ የወጣች መስሎት እንዳይተኩስ ያዘዋል። ቀሪው ታሪክ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ስሙ በማይታወቅ መኮንን የሥራ ልማድ ላይ ነው። ሮቦት ከነፍስ የማይቆጠርበት ዓለም ውስጥ መሆናችንንም በዚያው ነገረን። በኋላ የመጠጥ ቤቱ አሳላፊ ሮቦቶቹን ከበር ሲመልሳቸው ነገሩ እንግዳ የማይሆንብን ለዚህ ነው።

የወጣቱ ጀግና የሉክ አጎት ኦወንም እንዲሁ ነው። ስለ ጋላክሲው ጦርነት ግድ የለውም፤ የሚያስጨንቀው ከአየር እርጥበት ውሃ የሚሰበስቡ መሣሪያዎቹና የምርት ወቅቱ ነው። ጃዋ ከተባሉት አሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች የገዛው ቀይ ሮቦት ጥቂት እንደተራመደ ከአናቱ ጭስ ይወጣና ይቆማል። በዚህ አጭር ግብይት ውስጥ ዕቃው ሁሉ አሮጌ እንደሆነ፣ ነጋዴዎቹ እንደማይታመኑ፣ ገበሬውም አዲስ የመግዛት አቅም እንደሌለው ማንም ሳያብራራ ተረዳን። ሽማግሌው ተዋጊ ኦቢ ዋን የመርከብ መጎተቻውን ኃይል ሲያጠፋ አጠገቡ የቆሙት ሁለት ጠባቂዎችም አይረሱም። አንዱ ግርግሩ ሌላ ልምምድ ሳይሆን አይቀርም ይላል፤ ከዚያ ስለ አዲስ ሞዴል ዕቃ ማውራት ይጀምራሉ። ሥራው የሰለቸው ወታደር ያለበት ሠራዊት ከመፈክር ብቻ ከተሠራ ሠራዊት ይልቅ ይታመናል።

ብዙ የተጻፈለት የሞስ አይስሊ ከተማ መጠጥ ቤት ዝናው ይገባዋል። ምክንያቱ ግን የጭንብሎቹ ብዛት አይደለም። የፍጡራኑ ሠሪ ስቱዋርት ፍሪቦርን በመታመሙ ሪክ ቤከርና ባልደረቦቹ ተጨማሪ ጭንብሎች ሠርተው በኋላ የተቀረጹ ቅንጭብጫቢ ምስሎች ገቡበት፤ የጥራት ልዩነቱ አተኩሮ ለሚያይ ይታወቃል። ቦታውን እውነተኛ የሚያደርገው ደንበኞቹ የያዙት የየራሳቸው ጉዳይ ነው። ሉክን የሚተናኮለው ሰው በ12 የኮከብ ሥርዓቶች ሞት እንደተፈረደበት ይፎክራል። ግሪዶ ከኮንትሮባንዲስቱ ሃን ሶሎ ዕዳ ሊያስከፍል መጥቷል፤ የድምፅ ባለሙያው ቤን በርት ቋንቋውን ሲያዘጋጅለት ከደቡብ አሜሪካው ኬችዋ ተነሥቷል። በጣም የማደንቀው ዝርዝር ይህ ነው፦ ክንድ ተቆርጦ ሲወድቅ ሙዚቃው ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ ባንዱ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ስለ ከተማዋ ሕግና ሥርዓት ሌላ ማብራሪያ ማን ይፈልጋል?

የ1980ው ፊልም ዘዴውን ወደ ኢምፓየሩ ቢሮክራሲ ይወስደዋል። አድሚራል ኦዘል በአንድ ስህተት በቪዲዮ ስክሪን ላይ በቬደር ታንቆ ሲሞት አጠገቡ ያለው ፒየት በዚያው ቅጽበት ይሾማል። ፊቱን እዩት፤ ደስታና ድንጋጤ አብረው ናቸው። ካፒቴን ኒዳ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ሄዶ አይመለስም። ሹመት እንዲህ የሚገኝበት ሠራዊት ለምን ለአለቃው እውነቱን እንደማይናገር ግልጽ ይሆናል።

ያው ፒየት ነው ቬደር የቀጠራቸውን ስድስት በክፍያ ሰው አሳድደው የሚይዙ ቅጥረኞች አይቶ የሚጸየፈው። ስድስቱ የሚታዩት ለአጭር ጊዜ ነው፣ ግን እያንዳንዱ ከሌላ ዓለም የመጣ ይመስላል። በከፊል በእርግጥም ከሌላ ቦታ ነው የመጡት፤ የእንሽላሊቱ ቦስክ ልብስ የብሪታንያ አየር ኃይል የከፍታ በረራ ልብስ ሲሆን፣ የሮቦቱ አይ ጂ 88 ጭንቅላት በመጠጥ ቤቱ ባንኮኒ ላይ ከነበረው የመጠጥ መቅጃ ክፍል የተወሰደ ነው። ከስድስቱ አንዱ ቦባ ፌት በዚህ ፊልም የሚናገረው አራት ጊዜ ብቻ ነው። ዝናው የመጣው ቬደር ጣቱን ወደ እሱ ቀስሮ ማንንም አትንኖ እንዳያጠፋ ሲያስጠነቅቀው ነው። ከዚህ በፊት ምን እንዳደረገ አልተነገረንም፤ ቬደርን እንኳ ያሳሰበ ነገር እንደነበር ግን አወቅን። ይህችን አንዲት መስመር የሚያክል የባሕርይ አሣሣል በቀጣዮቹ ፊልሞች ብዙ አይገኝም።

ነዋሪዎቹ ክላውድ ሲቲ ከተባለችው ከተማ ሲሸሹ የአይስክሬም ማሽን ታቅፎ የሚሮጠውንም ሰው ፈልጉት። ማሽኑ በእርግጥም የወጥ ቤት ዕቃ ነው። ይሁንና ሰውየው ከሁሉ አስቀድሞ ያነሣው እሱን ስለሆነ ተመልካች ውስጡ ምን እንዳለ መጠየቅ ጀመረ፤ በ2019 በተከታታይ ድራማው «ዘ ማንዳሎሪያን» ውስጥ ያው ዕቃ ውድ ብረት የሚቀመጥበት ካዝና ሆኖ ተመለሰ።

ከ1983ቱ የሚጠቀሰው ራንኮር የተባለው አውሬ ጠባቂ ነው። ሉክ አውሬውን ሲገድል ግዙፉ ሰውዬ ያለቅሳል፤ ለጥቂት ሰከንድ ሉክ የማን ጀግና እንደሆነ እንጠራጠራለን። የዓማፅያኑ መሪ ሞን ሞትማም ስለ ጠላት መረጃ ለማምጣት ቦታን የተባሉ ብዙ ሰላዮች እንደሞቱ በተሰበረ ድምፅ ትናገራለች። ቦታኖቹን አናያቸውም፣ ባናያቸውም ይሻላል። ቦባ ፌት ግን በአጋጣሚ ተመትቶ ጉድጓድ ይገባል፤ ባክኗል።

ችግሩ የሚጀምረው ወደ ኋላ ተመልሶ ማብራራት ሲመጣ ነው። የ1997ቱ ልዩ እትም በሞስ አይስሊ ጎዳና ላይ በኮምፒውተር የተሠሩ እንስሳትን ጨመረ፤ ፍሬሙን አቋርጠው ያልፋሉ እንጂ ሥራ የላቸውም። በዚያው እትም ግሪዶ ከሃን አስቀድሞ እንዲተኩስ ተደረገ፤ በ2004ና በ2019 እንደገና ተነካካ። ቀጥሎ የመጡት ፊልሞች ወርቃማውን ሮቦት ሲ ስሪ ፒ ኦን የሠራው የወደፊቱ ቬደር እንደሆነ፣ የሃን ጠጉራም ጓደኛ ቹባካ የሉክ መምህር የዮዳ ወዳጅ እንደነበረ፣ ቦባ ፌትም መላው ሠራዊት የተባዛበት ሰው ቅጂ እንደሆነ ነገሩን። አንድ በአንድ ሲታዩ ጉዳት የላቸውም፤ ሲደመሩ ግን ጋላክሲው ሁሉም የሚተዋወቅበት ሠፈር ይሆናል። የ2015ቱ ፊልም የጠላት አዛዥ ካፒቴን ፋዝማ ደግሞ ተቃራኒው ስህተት ናት። ጋሻዋ ያብረቀርቃል፣ ፖስተር ላይ ታምራለች፣ ጠመንጃ ሲደገንባት ግን የጦር ሰፈሩን መከላከያ ያለ ትግል ታጠፋለች። መልክ እንጂ የራሷ ጉዳይ አልተሰጣትም። (አሻንጉሊት አምራቹ ኬነር የአንዱን የመጠጥ ቤት ደንበኛ የላይኛውን አካል ብቻ የሚያሳይ ፎቶ ደርሶት ድንኩን ፍጡር ረጅምና ሰማያዊ ለባሽ አድርጎት ነበር። እንዲህ ያለው ስህተት ቢያንስ ያስቃል።)

«ሮግ ዋን» የሚሰናከለው በዚህ ነው፤ ያንን በ12 ሥርዓቶች የተፈረደበትን ሰው ልትጠፋ ሰዓታት በቀራት ከተማ ጎዳና ላይ ያለ ምክንያት ያመጣዋል። መጨረሻው ግን ሁሉንም ይክሳል። በተቆለፈ በር ክፍተት የምስጢሩን ካርድ የሚያቀብለው ወታደር ስም የለውም፤ ከኋላው ቬደር እየመጣ እንደሆነ ያውቃል፣ ክፍተቷም ለእጅ ብቻ የምትበቃ ናት።

ለማየት የምመክረው ቅደም ተከተል 1977፣ 1980፣ 1983፣ ከዚያ «ሮግ ዋን» ነው። እሱ እንዳለቀ ወዲያው የ1977ቱን መክፈቻ ድገሙት፤ የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ስለሆነ የኮሪደሩ ወታደሮች ፍርሃት አዲስ ትርጉም ያገኛል። ያልተነካካውን የመጀመሪያ ቅጂ የሚፈልግ በ2006 የወጣውን ዲቪዲ ተጨማሪ ዲስክ ይፈልግ። ምስሉ ከድሮ ሌዘርዲስክ ዝግጅት የተወሰደ በመሆኑ በትልቅ ስክሪን ላይ ይደበዝዛል፤ ግሪዶ ግን እዚያ አይተኩስም።