የዝናብ መለኪያ ማሞቂያ፦ ከሐምሌ እስከ ሚያዝያ በሮብ ገበያ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሽቅብ ስትወጡ ሮብ ገበያን ታገኛላችሁ። እዚህ ክረምት ላይ በረዶ እንግዳ አይደለም።

ግቢዬ ያለው የዝናብ መለኪያ ውስጡ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ የሚያዘነብሉ ሁለት ትንንሽ ማንኪያዎች አሉት። አንዱ 0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲሞላ ይደፋል፣ ሌላው ይተካል። በተደፋ ቁጥር ይቆጠራል። ችግሩ ሽምብራ የሚያህል በረዶ አፉን ሞልቶ ቀዳዳውን ሲደፍነው ነው። ዶፉ እየወረደ ቆጣሪው ዝም ይላል። ፀሐይ ወጥታ በረዶው ሲሟሟ ደግሞ የሌለ ዝናብ ይቆጥራል።

ለዚህ ነው ሐምሌ ላይ ማሞቂያ የገጠምኩት። ባለ 12 ቮልት፣ 30 ዋት ነው፤ ከአፉ ሥር ዙሪያውን ይጠመጠማል። መግጠሙ ቀላል ነበር። ግን አንድ ወር ሙሉ ምንም አልሠራም! በረዶ ጥሎ እንዳባራ ሮጬ ወጥቼ ስነካው ብረቱ እንደ በረዶው ይቀዘቅዛል።

ጥፋቱ የቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያበራና የሚያጠፋው መሣሪያ፣ ቦታ ነው። የሚበራው 4 ዲግሪ ሲደርስ ሲሆን፣ የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነበር። በረዶ እንደ ጥጥ በሚወርድበት አገር ይህ ያስኬዳል፤ አየሩ ራሱ ቀዝቃዛ ነው። እኛ ዘንድ ግን በረዶው ከሰዓት በኋላ ይወርዳል፣ አየሩም 12 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የቴርሞስታቱን ጫፍ አውጥቼ ከአፉ ሥር ብረቱ ላይ አጣበቅኩት። ከዚያ ወዲህ በረዶው ብረቱን እንዳቀዘቀዘው ይበራል። ነሐሴ ላይ በረዶው እየሟሟ ጠብ ጠብ ሲል፣ ማንኪያዎቹም ቀጭ ቀጭ ሲሉ ስሰማ ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ሽቦው ላይም ተሳስቻለሁ። ከቤት እስከ መለኪያው 20 ሜትር ነው፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ግን 40 ሜትር ቁጠሩት። ባለ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርግቼ ጫፉ ላይ ስለካ 10 ቮልት ብቻ ነው የደረሰው። 30 ዋቱ 21 ገደማ ሆነ ማለት ነው። በባለ 2.5 ስቀይረው ከ11 በላይ ወጣ። 220 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወርደው ትራንስፎርመር ቤት ውስጥ ይሁን። እባካችሁ 220 ቮልት ዝናብ ላይ አታውጡ። መነሻው ላይም 4 አምፔር ፊውዝ አስገቡበት። ገመዱ መለኪያው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይታጠፍ፤ ውሃው እዚያው ይንጠባጠባል።

መብራት ሲጠፋ የሚሠራው በባትሪ ነው። ማሞቂያውን ከኅዳር ጀምሮ ነቅዬው ነበር። በውርጭ ሌሊት ያለ ዝናብ ሲነድ ማደሩ ብክነት ነው። ሚያዝያ ላይ መልሼ ሰካሁት፣ ወዲያው ሠራ።

ካፊያ ሲሆን ብረቱ ከሞቀ ጥቂቱ ይተናል፤ ይህን ለመቀነስ ማጥፊያውን ወደ 8 ዲግሪ ዝቅ አድርጌዋለሁ። አፉን መትቶ ነጥሮ የሚወጣውን በረዶ ግን ማሞቂያው አያድነውም። ለሱ ጠርዙን በቆርቆሮ ከፍ ላደርገው ነው፤ ቆርቆሮውን ቆርጫለሁ፣ ከሰኔ በፊት እገጥመዋለሁ።