ለጽሑፍ ሥራ የገዛሁት ባለ 21.5 ኢንች ሞኒተር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሥራዬ የአማርኛ ረቂቆችን ማረም ነው፤ ጠረጴዛዬም ጠባብ ናት። ባለፈው ዓመት ለዚሁ ሥራ ብዬ ያገለገለ ባለ 21.5 ኢንች የቢሮ ሞኒተር ገዝቼ ክረምቱንም በጋውንም ሠርቼበታለሁ። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ለሚያነብና ለሚጽፍ ሰው ከዚህ ቆይታዬ የምነግረው ዋና ነገር፣ ሞኒተር ሲገዛ ከስክሪኑ ስፋት አስቀድሞ እግሩን እንዲያይ ነው። ከፍና ዝቅ የሚል፣ ወደ ኋላ የሚያጋድል፣ ስክሪኑን አዙሮ በቁሙ የሚያቆም እግር ያለው ትንሽ ሞኒተር፣ እንደ ሐውልት ተገትሮ ከሚቀር ትልቅ ሞኒተር እጅግ ይሻላል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሻጩም ገዥውም መጀመሪያ የሚያነሡት «ስንት ኢንች ነው?» የሚለውን ጥያቄ ስለሆነ ነው።

ላፕቶፕ ላይ ስክሪኑና ኪቦርዱ የተያያዙ ናቸውና ረጅም ሰዓት የሚሠራ ሰው ወይ አንገቱን ይደፋል ወይ እጁን ይሰቅላል። ለብቻው የቆመ ሞኒተር ይህን ችግር ይፈታል። የሚፈታው ግን የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ሲል፣ ርቀቱም ከ50 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲሆን ነው። የጠረጴዛዬ ጥልቀት 60 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ላይ ባለ 27 ኢንች ስክሪን ቢቀመጥ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ለማንበብ ዓይን ብቻ ሳይሆን አንገትም መዞር ይኖርበታል፤ ባለ 21.5 ኢንቹ ግን ሙሉውን በአንድ እይታ ይያዛል። እግሩ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍና ዝቅ ስለሚል ከሥሩ መጽሐፍ መደርደር አላስፈለገኝም። ልጄ ለትምህርቷ ስትቀመጥበት በአንድ እጇ ዝቅ ታደርገዋለች፤ እኔ ስመለስ ከፍ አደርገዋለሁ። የላፕቶፑ ዘመን የአንገት ሕመሜም ቀስ በቀስ ለቆኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ ያገለገለ ሞኒተር የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው በዚያ ሰሞን የገባውን ነው። ስለዚህ አንድ ሞዴል ብቻ ይዞ ከሱቅ ሱቅ መዞር ድካም ነው፤ ማወቅ የሚያስፈልገው ወገኑን ነው። ዴል ፒ2219ኤች፣ ኤችፒ ኢሊትዲስፕሌይ ኢ223 እና ሌኖቮ ቲንክቪዥን ቲ22አይ ሦስቱም ለቢሮ ሥራ የተሠሩ ባለ 21.5 ኢንች ሞኒተሮች ናቸው። ሦስቱም 1920 በ1080 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉን የሚሠሩ ጥቃቅን ነጥቦች፣ ያሳያሉ፤ ሦስቱም አይፒኤስ የሚባለው፣ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ብዙ የማይለወጥ ዓይነት ፓነል (ምስሉ የሚታይበት ገጽ) አላቸው፤ የሦስቱም እግር ቁመቱ ይስተካከላል፣ ስክሪኑንም በቁሙ ያዞራል። ነጋዴዎች ስላሽ በሚሉት ያገለገለ ዕቃ መካከል የሚገኙት እንዲህ ያሉት ናቸው፤ የእኔውም የዚሁ ወገን ነው። አዳዲሶቹ ርካሽ ሞኒተሮች ቀጭንና አንጸባራቂ ሆነው ዓይን ይስባሉ፤ አብዛኞቹ ግን እግራቸው ወደ ኋላ ከማጋደል በቀር ሌላ እንቅስቃሴ የለውም። ለዚህ ነው አዲሱን ትቼ ያገለገለውን የመረጥኩት። ዋጋ አልጽፍም፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ነገ አንባቢን ያሳስታል።

አሁን ስክሪኑን በቁሙ ስለማቆም ልናገር፤ ሥራዬን ከሁሉ በላይ የለወጠው እሱ ነውና። ስክሪኑ በአግድሙ ስፋቱ 476፣ ቁመቱ 268 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኤ4 ወረቀት ቁመት ደግሞ 297 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ በተለመደው አቀማመጥ አንድ ገጽ በትክክለኛ መጠኑ ስክሪኑ ላይ አይገባም፤ ወይ ማሳነስ ወይ እያንሸራተቱ ማንበብ ግድ ይላል። ስክሪኑ ሲቆም ግን ገጹ ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ ከላይ ለፕሮግራሙ ማዘዣዎች፣ ከታች ለሚቀጥለው ገጽ መጀመሪያ ቦታ ይተርፋል።

ለአራሚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ገጹ ሙሉውን ሲታይ በቁራጭ ንባብ የሚያመልጡ ስሕተቶች ብቅ ይላሉ። ሦስት አንቀጾች በተከታታይ «በመሆኑም» ብለው መጀመራቸው፣ አንድ አንቀጽ ገጹን ከግማሽ በላይ መያዙ፣ የአንቀጽ የመጨረሻ መስመር ብቻዋን ወደ ቀጣዩ ገጽ መሻገሯ፣ እነዚህን ሁሉ ድሮ የማገኛቸው ረቂቁን አትሜ በእስክሪብቶ ስሄድበት ነበር። አሁን የመጀመሪያውን እርማት ሙሉ በሙሉ ስክሪን ላይ እጨርሳለሁ፤ የማትመው የመጨረሻውን ብቻ ነው፤ ወረቀትና ቀለምም ተርፎልኛል። አንድ ማሳሰቢያ አለ፦ ስክሪኑ ሲቆም የላይኛው ጠርዝ ከዓይን በላይ ይወጣል። እግሩን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርጎ ስክሪኑን ጥቂት ወደ ኋላ ማጋደል ያስፈልጋል፤ አለዚያ የተፈወሰው አንገት በሌላ በኩል ይታመማል።

የፊደላችን ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፉ የሞኒተር ግምገማዎች የማይነኩት ጉዳይ ነው። «ሲ» እና «ሴ»ን፣ «ቢ» እና «ቤ»ን የሚለያያቸው ከእግራቸው ሥር ያለችው ምልክት ናት፤ በአንዱ ላይ ጭረት ናት፣ በሌላው ላይ ቀለበት። «ሱ» እና «ሲ» ደግሞ የሚለያዩት ጭረቷ ወገብ ላይ ወይም እግር ላይ በመሆኗ ብቻ ነው። በላቲን ፊደል ቃሉን በቅርጹ ገምቶ ማለፍ ይቻል ይሆናል፤ በእኛ ግን የአንዲት ቀለበት መደብዘዝ «ቤት» እና «ቢት»ን ያመሳስላል፤ አራሚም ስሕተቱን ሳያይ ያልፋል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል አለ የሚለው ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 1920 በ1080 ፒክስል በ21.5 ኢንች ላይ ሲሰፍር በአንድ ኢንች 102 ገደማ ይደርሳል። ያው ቁጥር በ23.8 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 93፣ በ27 ኢንች ላይ ደግሞ ወደ 82 ይወርዳል። በየቢሮው የምናውቀው አሮጌው ባለ 19 ኢንች አራት ማዕዘን ሞኒተር፣ በ1280 በ1024 ፒክስሉ፣ 86 ገደማ ነው። ገጹን በወረቀት መጠኑ ልክ ስናሳየው በ12 የፊደል መጠን የተጻፈ ጽሑፍ በእኔ ሞኒተር ላይ 17 ፒክስል ያህል ከፍታ ያገኛል፤ በባለ 27 ኢንቹ ላይ 14 እንኳ አይሞላም። ሦስት ፒክስል ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የ«ሴ» ቀለበት መሐሉ ክፍት ሆኖ እንዲታይ የሚያስፈልገው ይህችው ናት። ያው የፒክስል ቁጥር እስካለ ድረስ ትልቅ ስክሪን ለፊደላችን ይበልጥ ደብዛዛ ነው። ትልቅ የሚፈልግ ሰው ፒክስሉም አብሮ የሚያድግ፣ 2560 በ1440 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ይፈልግ።

የፊደል ቅርጽ ምርጫም ያግዛል። ኒያላ በኅትመት ላይ ያምራል፤ በስክሪን ላይ ግን ቀጫጭን ጭረቶቹ ይሳሳሉ። ስለዚህ እርማቱን በኤብሪማ እሠራና ለኅትመት ሲሄድ እቀይረዋለሁ። ስክሪኑን የሚያቆም ሰው ሌላም ነገር ያስተውላል። እያንዳንዱ ፒክስል ጎን ለጎን ከተደረደሩ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ዘንጎች የተሠራ ነው፤ ዊንዶውስ ክሊርታይፕ በሚለው ዘዴ እነዚህን ዘንጎች ተጠቅሞ የፊደሉን ጠርዝ ያስላል። ስክሪኑ ሲዞር ዘንጎቹም አብረው ስለሚዞሩ በፊደሉ ዙሪያ ስስ ቀይና ሰማያዊ ጥላ ይታያል። እኔ ክሊርታይፕን አጥፍቼዋለሁ፤ ጥላው ሄዷል፣ ፊደሉም ንጹሕ ጥቁር ሆኗል።

ገመዱን በተመለከተ ረጅም መናገር አያስፈልግም። ያገለገሉ ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ የሚሸጡት ከቪጂኤ ገመድ ጋር ነው። ቪጂኤ ምስሉን የሚያስተላልፈው በአናሎግ ስለሆነ የፊደል ጠርዝ ሊላላ ይችላል። ኮምፒውተሩ ላይ ምስሉን በዲጂታል የሚያስተላልፍ የኤችዲኤምአይ ወይም የዲስፕሌይፖርት መሰኪያ ካለ ለብቻው ገመድ ገዝቶ በዚያ ማገናኘት ነው። በኤችዲኤምአይ ተገናኝቶ ጥቁሩ ግራጫ፣ ነጩም የደበዘዘ ከመሰለ ደግሞ ፓነሉ ታሟል ማለት አይደለም፤ በኮምፒውተሩ የግራፊክስ ማስተካከያ ውስጥ የቀለም ክልሉን ወደ ሙሉ መቀየር ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ብርሃኑን የማስተካክለው በወረቀት ነው። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ አጠገብ ይዤ ነጩ ገጽ ከወረቀቱ ጋር እስኪመሳሰል ድረስ እቀንሳለሁ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትገባ ከፍ ይላል፤ ማታ ዝቅ ይላል። በክረምት ጨለም ባሉት ቀናት ብርሃኑን በጣም ዝቅ አድርጌ ስሠራ ዓይኔ አልደከመም። ይህ የሆነው የዚህ ሞኒተር መብራት ሲቀነስ ስለማይርገበገብ ነው። አንዳንድ ሞኒተሮች ብርሃን የሚቀንሱት መብራቱን በፍጥነት እያጠፉና እያበሩ ነው፤ ዓይን በቀጥታ ባያየውም ራስ ምታት የሚያስነሣባቸው ሰዎች አሉ። መስኮቱ ከጎን መሆኑም ረድቶኛል፤ ስክሪኑ የማያንጸባርቅ ሽፋን ቢኖረውም ከጀርባ የሚመጣ ፀሐይን ግን አይችልም።

ስለ መብራት መጥፋት ሳልናገር ባልፍ ግምገማው ለአገራችን ሰው አይሆንም። ይህ ሞኒተር በተለመደው ብርሃን 20 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚያቆየው ዩፒኤስ ጋር ሲገናኝ ባትሪውን የሚጨርሰው ኮምፒውተሩ እንጂ እሱ አይደለም፤ የጀመርኩትን አስቀምጬ በእርጋታ ለመዝጋት በቂ ጊዜ አገኛለሁ። የውስጥ የኃይል ማስተካከያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ኃይል ሲቀንስ አይጨነቅም። የሚያስፈራው መብራት ሲመለስ ዘልሎ የሚመጣው ኃይል ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱ በማይሠራበት ጊዜ መብራት እንደጠፋ ከሶኬት እነቅለዋለሁ፤ መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋጋም አልሰካውም።

ጉድለቶቹንም ልዘርዝር። ድምፅ ማውጫ የለውም። ማታ ክፍሉን አጨልሞ ፊልም ለሚያይ ሰው ጥቁሩ ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ነው፤ ጥግ ጥጉም ላይ ፈዘዝ ያለ ብርሃን ይታያል። ይህ የአይፒኤስ ፓነል ጠባይ ነው። የዩኤስቢ መሰኪያዎቹ ከኋላ ስለሆኑ ፍላሽ ለመሰካት መንበርከክ ይጠይቃል። ያገለገለ በመሆኑ ከታች በቀኝ በኩል የጣት ግፊት የመሰለ ፈዛዛ ምልክት አለበት፤ ግራጫ ገጽ ሲከፈት ብቻ ይታያል፤ በጽሑፍ ላይ አይታወቅም። በቁሙ ሲዞር አንገቱ በጥቂቱ ስለሚያዘነብል በእጅ ማቃናት ያስፈልጋል፤ ጠረጴዛው ቀላል ከሆነም ሲተየብ ይንቀጠቀጣል።

በበጋው አቧራ ስክሪኑን የማጸዳው በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ ጨርቁን በጥቂቱ አርጥቤ፣ ስክሪኑ ላይ ምንም ሳልረጭ። የመስታወት ማጽጃና አልኮል ሽፋኑን ሊጎዱ ስለሚችሉ አላስጠጋቸውም።

ሱቅ ሄዶ ለሚመርጥ ሰው የማደርገውን ልንገረው። ላፕቶፕና የኤችዲኤምአይ ገመድ ይዤ እሄዳለሁ። አስቀድሜ ነጭ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ገጾችን ስክሪኑን ሞልቼ እከፍታለሁ፤ የሞተ ፒክስል፣ የግፊት ምልክትና የቢጫነት ጥላ እዚያ ይጋለጣሉ። ከዚያ ዝቅ ብዬ ከሥር ወደ ላይ አየዋለሁ። ምስሉ ከጨለመ ወይም ቀለሙ ከተገለበጠ ፓነሉ ቲኤን የሚባለው ዓይነት ነው፤ እንዲህ ያለው ሲቆም ለቀኝና ለግራ ዓይን የተለያየ ብርሃን ስለሚሰጥ ለእኔ ዓይነት ሥራ አይሆንም። ቀጥሎ ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ቀንሼ በስልኬ ካሜራ አየዋለሁ፤ ጥቁር ሰንበር በስክሪኑ ላይ ከሄደ መብራቱ ይርገበገባል ማለት ነው። እግሩን ከፍ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ ራሱ ቀስ ብሎ ከወረደ ስፕሪንጉ ደክሟል። የራሱ እግር ተነጥሎ የሌላ ሞኒተር እግር የተገጠመላቸውም አሉና ጀርባውን አዙሮ ማየት ደግ ነው። በመጨረሻ ሻጩ በቃል የሚሰጠውን ዋስትና እስከ መቼ እንደሆነ፣ የሞኒተሩን መለያ ቁጥር ጨምሮ፣ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልኝ እጠይቃለሁ፤ ጽፎ ካልሰጠኝ ወደሚቀጥለው ሱቅ እሄዳለሁ።