ስምንት ወር ከቪም ጋር፦ ደንባችን ውስጥ ድድ እንዴት በቀለ?

«ጸሐፊ፣ አንቀጽ 14 ላይ ‹ድድ› የሚለው ምንድን ነው?»

የዕድራችን የተሻሻለው የመተዳደሪያ ደንብ በጠቅላላ ጉባኤ እየተነበበ ነበር። የጠየቁት ሽማግሌ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ ተክለዋል። «የቀብር ማስፈጸሚያው ገንዘብ ለቤተሰቡ ድድ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል።» አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ድዱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። ያመጣው ቪም ነው።

ለማታውቁት፣ ቪም ያለ ማውስ፣ በኪቦርድ ብቻ የሚነዳ የጽሑፍ ማዘጋጃ ነው። ሞዶች አሉት። በአንዱ ሞድ እያንዳንዱ ቁልፍ ትእዛዝ ነው፤ በሌላው ፊደል ነው። ዲን ሁለቴ መንካት በትእዛዝ ሞድ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል። በመጻፊያ ሞድ ግን ሁለት ዲ ይጻፋል። እኔ ኤስኬፕ የነካሁ መስሎኝ ሳልነካ ቀርቻለሁ፤ ኪቦርዱም አማርኛ ላይ ነበር። ሁለቱ ዲዎች ‹ድድ› ሆነው ደንባችን ውስጥ ገቡ። የቪም መምህራን ስለ ሞዶቹ ሲያስረዱ ሞድ የሚይዝብህ መሆኑን ግን አይነግሩህም።

ከዚያ ቀን በኋላ የስምንት ወሩን ቃለ ጉባኤ ሁሉ ከፍቼ አየሁ። ሦስት ቃለ ጉባኤዎች መጨረሻቸው ላይ ‹፡ውቅ› ይላሉ፤ አስቀምጦ ለመውጣት ኮሎን፣ ደብልዩ፣ ኪው ብዬ ስነካ የተጻፈ ነው፤ ከሊቀመንበሩ ፊርማ በላይ እንደ ማኅተም ተቀምጧል። አንዱ ላይ ‹ቺው› አለ። ቃል ለመቀየር የሚነካው ሲ፣ አይ፣ ደብልዩ ነው። ማንም አንብቦ አልጠየቀኝም፤ ይኼ ደግሞ ስለ ቃለ ጉባኤ ሌላ ነገር ይናገራል።

ቪምን ያስያዘኝ ጓደኛዬ ነው፤ ፕሮግራመር ነው። «እጅህ ከኪቦርዱ ሳይነሳ ሥራህን ትጨርሳለህ። ደግሞ ነጻ ነው!» አለኝ። ነጻነቱ እውነት ነው፤ አንድ ብር አልከፈልኩም። የከፈልኩት ሦስት ሳምንት ሌሊት ነው። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ ወዳጄ፦ አንተ በቪም አማርኛ ጽፈህበት ታውቃለህ? የምትጽፈው ኮድ ነው፤ ኮድህ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የሁላችሁም ሙገሳ ለላቲን ፊደል ነው። እኔ ዓረፍተ ነገር በጻፍኩ ቁጥር ሱፐርን (የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ) እና ስፔስን ነክቼ ወደ አማርኛ፣ ኤስኬፕ ነክቼ ወደ ትእዛዝ፣ እንደገና ሱፐርና ስፔስ ነክቼ ወደ እንግሊዝኛ ስመለስ ኖሬያለሁ። አንዷን የረሳሁ ዕለት፣ ወደ ታች ልውረድ ብዬ ጄን ስነካ ማሽኑ ‹ጅ› ተቀብሎ ጢጥ ብሎብኝ ቁጭ ይላል።

የቪም አባት ቪአይ ይባላል፤ ቢል ጆይ የሚባል ፕሮግራመር በርክሊ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በ1976 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። ይሠራበት የነበረው ኤዲኤም 3ኤ የሚባል ተርሚናል (ስክሪንና ኪቦርድ ያለው የድሮ መሣሪያ) ቀስቶቹ የታተሙት ኤች፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል ቁልፎች ላይ ነበር፤ ኤስኬፑም ዛሬ ታብ ባለበት ቦታ ነበር። ለዚያ ኪቦርድ የተበጀውን እኛ ኤስኬፕ ጥግ ላይ በተሰቀለበት ላፕቶፕ እንሠራበታለን። ጀማሪ ከሆናችሁ ሌላ ነገር ከመማራችሁ በፊት ካፕስ ሎክን ኤስኬፕ አድርጉት። አማርኛ ስትጽፉ ካፕስ ሎክ ምን ይሠራላችኋል?

እንዲያውም ከጉባኤው በተመለስኩ ማታ ላጠፋው ነበር። ከማጥፋቴ በፊት የእርዳታ ገጹን ከፈትኩ፤ ሌላውን ሁሉ ያስረሳኝን ነገር ያገኘሁትም እዚያ ነው። ኪማፕ ይባላል። ቪም የራሱን የፊደል ሠንጠረዥ ከውስጥ እንዲጠቀም ማድረግ ይቻላል፤ የኮምፒውተሩ ኪቦርድ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ላይ ይቆያል። ሠንጠረዡ የሚሠራው ፊደል ስትጽፉ እንጂ ትእዛዝ ስትሰጡ አይደለም። ኤስኬፕ ስትነኩ ቁልፎቹ በራሳቸው ወደ ትእዛዝ ይመለሳሉ። ተመልሳችሁ መጻፍ ስትጀምሩ አማርኛው እንደነበረ ይጠብቃችኋል። መቀያየሪያው ኮንትሮልና 6 ነው። ስምንት ወር ሙሉ አጠገቤ ነበር፤ ከሰባኪዎቹ አንዱም አልነገረኝም!

ሠንጠረዡን ራሴ ጻፍኩት። ሠላሳ ሦስት ፊደል በሰባት ቤት፣ 231 መስመር። በግራ የላቲኑ አጻጻፍ፣ በቀኝ የእኛው ፊደል። የ‹ለ›ን ሰባት መስመር ሠርቼ ሰላሳ ሁለት ጊዜ ገለበጥኩ፤ ከዚያ በኮንትሮልና ቪ ዓምዱን ብቻ መርጬ ኤልን ወደ ኤም፣ ወደ አር እያልኩ ቀየርኩ። የቀኙን ዓምድ በእጄ ሞላሁ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ‹ቋ›ንና ‹ኋ›ን የመሳሰሉት ገና አልገቡም።

አንድ ወጥመድ አለው። ኤልን ስትነኩ ቀጥሎ አናባቢ ይመጣ እንደሆነ ቪም አንድ ሰከንድ ይጠብቃል። ለማሰብ ከቆማችሁ ‹ል› ብሎ ይዘጋዋል፤ ‹ሰላም› ልትሉ ‹ሰልአም› ይወጣል። እንደ እኔ ፊደል እየፈለጋችሁ የምትነኩ ከሆነ ታይምአውትሌን የሚባለውን ቅንብር ከ1000 ወደ 3000 አሳድጉት።

ኪማፑ ከገባ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር ተከተለ። ኤፍን ነክቼ ‹።› ስጽፍ መስመሩ ላይ ወዳለው ቀጣይ አራት ነጥብ እዘላለሁ፤ ሠንጠረዡ ለፍለጋውም ይሠራል ማለት ነው። ይኼ ያስፈለገኝ ቪም በራሱ አራት ነጥብን ስለማያውቅ ነው። ዓረፍተ ነገር ለእሱ የሚያልቀው በእንግሊዝኛው ነጥብ፣ በጥያቄ ምልክት ወይም በቃለ አጋኖ ነው። በዓረፍተ ነገር መዝለያውን ስትነኩ ገጽ ሙሉ አማርኛ እንደ አንድ ትንፋሽ አልፎ ይሄዳል።

ያ ቺው ያልኳችሁ ትእዛዝም ለአማርኛ አይመችም። ‹የዕድሩን› የሚለው ላይ ብትነኩት ‹የ›ንም ‹ን›ንም ጠራርጎ ይወስዳል፤ ለእሱ ሁሉም አንድ ቃል ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ ፈልጎ መተኪያው ትእዛዝ ይሻላል። ደንባችንን ሦስት ሰው በየዘመኑ ስለጻፈው ጸሐፊ፣ ፀሐፊ፣ ጸሀፊ፣ ፀሀፊ ሁሉም አሉበት። መፈለጊያው ላይ [ጸፀ][ሐሀኀ]ፊ (በየቅንፉ ካሉት ፊደላት አንዱ ማለት ነው)፣ መተኪያው ላይ ጸሐፊ አልኩና ሁሉንም በአንድ ጊዜ አቃናሁት። ‹ጸሐፊው› ውስጥ ያለችው ‹ው›፣ ‹የጸሐፊውን› ውስጥ ያለችው ‹የ› አልተነኩም። በቃ፣ እዚያ ላይ ነው ጓደኛዬን ይቅር ያልኩት። መጨረሻው ላይ ሲ ብትጨምሩበት እያንዳንዱን እየጠየቀ ይተካል፤ ለጀማሪ ያ ይሻላል።

መብራት ሲጠፋም አላሳፈረኝም። ቪም አራት ሰከንድ ሳትጽፉ ስትቆዩ፣ ወይም ሁለት መቶ ፊደል ስትጽፉ፣ ቅጂ ወደ ጎን ያስቀምጣል። መብራት ሲመጣ ፋይሉን ስትከፍቱ የሚያስፈራ ረጅም መልእክት ይወጣል፤ አትደንግጡ፣ አርን ንኩና መልሱት። ከዚያ የቅጂውን ፋይል አጥፉት፤ አለዚያ በከፈታችሁ ቁጥር ያስፈራራችኋል።

ተርሚናሉ (ቪም የሚከፈትበት የትእዛዝ መስኮት) ላይ ግን ሰፋፊዎቹ ፊደሎቻችን፣ እነ ‹ጨ› እና ‹ሜ›፣ ለአንድ የላቲን ፊደል በተመደበ ቦታ ታጭቀው እርስ በርስ ይጋፋሉ። ዓይኔ ሲደክም ጽሑፉን በሌላ ፕሮግራም ከፍቼ ነው የማነበው።

እመክራለሁ ወይ? ድዱ በተነበበበት ቀን ብትጠይቁኝ አስኮበልላችሁ ነበር። ዛሬ ግን እከራከርለታለሁ። ደግሞ ቪምን ባዶውን ስትከፍቱ ብዙ ጊዜ የዩጋንዳን ድሃ ሕፃናት እርዱ የሚል መስመር ይታያችኋል። በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣው ብራም ሞሌናር ኪባሌ በሚባል ቦታ በፈቃደኝነት አገልግሎ ነበርና፣ ለፕሮግራሙ ገንዘብ መስጠት ለሚፈልግ ለእነሱ ስጡ ይል ነበር። በ2023 እ.ኤ.አ. አርፏል፤ መስመሩ ግን አሁንም አለ። ተርሚናሉ ላይ ቪምቱተር (vimtutor) ብላችሁ ጻፉና ግማሽ ሰዓት ስጡት፤ ኪማፑን ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሥሩ፣ እንደ እኔ በስምንተኛው ወር አይደለም።

የታረመው ደንብ ባለፈው እሑድ ጸድቋል። እኚያ ሽማግሌ አንቀጽ 14ን ራሳቸው ደግመው አነበቡና፣ «አንተ ልጅ፣ ነቀልከው?» አሉኝ። ነቅዬዋለሁ አልኳቸው። የቃለ ጉባኤዎቹን ‹፡ውቅ› ግን ሊቀመንበሩ ስለፈረሙባቸው እንዳሉ ትቻቸዋለሁ።