ስድስተኛዋ ትሮይ ወይስ ሰባተኛዋ?

በሰሜን ምዕራብ ቱርክ በሚገኘው የሂሳርሊክ ጉብታ ውስጥ ብዙ ከተሞች አንዱ በሌላው ፍርስራሽ ላይ ተደራርበዋል። ጀርመናዊው ቆፋሪ ሽሊማን እ.ኤ.አ. በ1873 «የንጉሥ ፕሪያም ሀብት» ብሎ ያወጣው ወርቅ የጥንቱ ግሪካዊ ገጣሚ ሆሜር በ«ኢሊያድ» የተረከው የትሮይ ጦርነት ከሚታሰብበት ዘመን አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ይቀድማል። እስከዚያ ለመድረስ የላይኞቹን ንብርብሮች እየናደ መውረዱ ዛሬም ያንገበግበኛል። ከታች ወደ ላይ ከተቆጠሩት ከተሞች ለሆሜር ትሮይ የሚታጩት ሁለት ናቸው፦ ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ።

ግርማ
ስድስተኛዋ፦ ዘንበል ብሎ የቆመ የድንጋይ ግንብ፣ ማማዎች፣ ሰፋፊ ቤቶች።
ሰባተኛዋ፦ በዚያው ግንብ ውስጥ የተጣበቡ ትንንሽ ቤቶች።

አወዳደቅ
ስድስተኛዋ፦ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1300 ገደማ ፈረሰች። ከሽሊማን በኋላ ጉብታውን የቆፈረው ዶርፕፌልድ ጠላት አፈረሳት አለ፤ ከእርሱ በኋላ የቆፈረው ብሌገን ግን የግንቡን መዛነፍ አይቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው ብሎ ደመደመ።
ሰባተኛዋ፦ በ1180 ገደማ በእሳት ጋየች። ወለል ውስጥ የተቀበሩ የቀለብ ጋኖችና ሳይቀበር የቀረ የሰው አጽም ተገኝተዋል። ከበባ የሚጠብቅ ሕዝብ እንዲህ አይኖርም ትላላችሁ?

የአጥቂው አቅም
ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። በ1300 ትሮይን ወጉ የሚባሉት የግሪክ ማይሴኔ ነገሥታት በኃይላቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። በ1180 ግን የገዛ ቤተ መንግሥቶቻቸው ወድመው ነበር፤ ባሕር ተሻግሮ የሚዘምት ጦር ከየት ይመጣል?

የጽሑፍ ማስረጃ
በዛሬዋ ቱርክ ይገዙ የነበሩት የኬጢያውያን ሰነዶች ብዙ ምሁራን ትሮይ ናት የሚሏትን «ዊሉሳ»ን ይጠቅሳሉ። ንጉሥዋ አላክሳንዱ በ1280 ገደማ ከኬጢያውያኑ ንጉሥ ከሙዋታሊ ጋር ውል ገብቷል፤ በሆሜር ግጥም ውስጥ የትሮዩ ልዑል ፓሪስም አሌክሳንድሮስ ይባላል። ዘመኑ ከሁለቱ ውድቀቶች መካከል ስለሚውል ለአንዳቸውም አያደላም።

የግጥሙን ከተማና የዘማቾቹን ኃይል ለሚያስቀድም ስድስተኛዋ ትስማማለች፤ የእሳትና የከበባ አሻራ ለሚፈልግ ደግሞ ሰባተኛዋ።