«በ3 ሰዓት ውስጥ የታጠነ አሳማ» የምትለዋን ማሽን እንዳትገዙ

አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ሰሞኑን ስልካችሁ ላይ አንዲት ማስታወቂያ ሳትመጣባችሁ አትቀርም። ትንሽ ጥቁር የኤሌክትሪክ ሳጥን ናት። በሩ ሲከፈት ጭሱ ቦለል ይላል፣ ሰውየው የአሳማውን ትከሻ በሹካ ነካ ሲያደርገው ይፈራርሳል። «በ3 ሰዓት ውስጥ!» ይላል። እኔ 189 ዶላር ከፈልኩ። እናንተ አትክፈሉ።

አሳማ አንበላም የምትሉም አትለፉት፣ የበሬ ብሪስኬትም (ፍርምባው) ጣጣው ያው ነው።

ቅዳሜ የሥራ ባልደረቦቼን ምሳ ጠርቼ ነበር። 8 ፓውንድ ትከሻ ገዛሁ፣ ጠዋት ማሽኗ ውስጥ ከተትኩት። ሰዓቷን ጠብቃ ጮኸች። በራሴ ቴርሞሜትር ወጋ ሳደርገው መሀሉ 131 ፋራናይት ነው፣ ወደ 55 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። መበጣጠሱ ይቅርና ገና አልበሰለም። እንግዶቼ ፒዛ በልተው ሄዱ።

ማታ መመሪያውን ገልጬ ሳነብ ገባኝ። «3 ሰዓት» የተባለው ለ2 ፓውንድ ሎይን ነው፣ ያውም በጣም በደቃቅ ፊደል። ሎይን ጅማትና ጮማ ያልበዛበት የጀርባ ሥጋ ነው፣ 145 ፋራናይት ደርሶ 3 ደቂቃ ካረፈ ይበላል። ትከሻ ግን ጅማታም ነው። ጅማቱ ቀልጦ ሥጋው በሹካ እንዲበጣጠስ መሀሉ 200 ፋራናይት አካባቢ መድረስ አለበት። በ225 ፋራናይት እሳት 8 ፓውንዱ ወደ 12 ሰዓት ይፈልጋል። ደግሞ የሥጋው ሙቀት 160 አካባቢ ሲደርስ ላቡ እየተነነ ስለሚያቀዘቅዘው ለሰዓታት ሳይጨምር ቀጥ ይላል። ማስታወቂያው የትከሻውን ሥዕል ከሎይኑ ሰዓት ጋር ነው ያጋባው።

እናቴ የእርጎ ቅል በወይራ ስታጥን አይታችኋል? ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፣ ሽታው ግን አይለቅም። ጭስ ፈጣን ነው። የማይቸኩለው ሥጋው ነው። ይህን እያወቅሁ መሸወዴ ነው የሚያናድደኝ።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ማሽኗ የምትሠራው በራሳቸው የእንጨት ካፕሱል ብቻ ነው፣ ሌላ እንጨት አትቀበልም። ልመልስ ስል የ14 ቀኑ ጊዜ የሚቆጠረው ካዘዝኩበት ቀን ነው አሉኝ፣ ዕቃው ቤቴ የደረሰው በ11ኛው ቀን ነው። «ከተሠራበት» ደግሞ 20 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ መላኪያውም በእኔ። ሳይሠራበት እንዴት መጥፎ መሆኑ ይታወቃል? እኔ ለክሬዲት ካርዴ ባንክ ዕቃው እንደተነገረው አይደለም ብዬ አመልክቻለሁ። ከመግዛታችሁ በፊት የመመለሻ ደንቡን አንብቡ፣ ከገዛችሁም የማስታወቂያውን ፎቶ አስቀሩ።

ጊዜ ካጠራችሁ ያለችው ተራ የከሰል ግሪላችሁ ትበቃለች። ከሰሉን ወደ አንድ ጎን፣ ሥጋውን ወደ ሌላው አድርጉ። የሂከሪ ወይም የአፕል እንጨት ስብርባሪ በፎይል ጠቅልላችሁ፣ ፎይሉን በስታችሁ ከሰሉ ላይ ጣሉ። ትከሻውን በትልልቁ ቆራርጣችሁ ሁለት ሦስት ሰዓት አጥኑትና ወዲያው ወደ ፕሬዠር ኩከር፣ አንድ ሰዓት ያህል። ኩከር ከሌላችሁ በፎይል አጥብቃችሁ 300 ፋራናይት ኦቨን ውስጥ ክተቱት፣ በሹካ እስኪለቅ። ከዋዜማው ቢሠራም ሲሞቅ ጣዕሙን አያጣም። የጥድ እንጨት እንዳትሞክሩ፣ ሙጫው ሥጋውን ያመርረዋል። ከሰሉን ደግሞ ደጅ ብቻ! ጋራዥ በሩ ቢከፈትም ጋራዥ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

ማሽኗ በረንዳዬ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ገጽ ላይ ገብቼ ስፈልግ በአካባቢያችን ብቻ አራት እህቶቿን አገኘሁ። አራቱም «አንዴ ብቻ የተሠራባት» ይላሉ።