ፈትፍተህ ብላ የሚል ምግብ ቤት

እናቴ ጣባው ፊቷ እንደተቀመጠ መጀመሪያ አሸተተችው። ማንኪያዋን በጠርዙ በኩል ሰደድ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ ዝም አለች። እናቴ ምግብ ላይ ዝም ካለች ወይ አስጠልቷታል ወይ በጣም ጥሟታል፤ መሀል የሚባል ነገር የላትም። ሁለተኛውን ማንኪያ ጎርሳ፣ «ይሄማ የቅቅል ፍትፍት ነው» አለች። «ፍትፍት ልታበሉኝ ነው ቻይና ድረስ ያመጣችሁኝ?»

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ባሌ መርካቶ ነጋዴ ነው፤ ለዕቃ ጓንዡ ይመላለሳል። ዘንድሮ ክረምት ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ «አንዴ እንኳን እኛንም ውሰደን» ብለን ያዝነው። እኔ፣ እናቴ፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጄና የ6 ዓመቷ ትንሿ። ሥራውን ሲጨርስ ከጓንዡ በፈጣን ባቡር ወደ ሺአን ሄድን፤ ስምንት ሰዓት ገደማ ፈጀብን። ሺአን ድሮ ቻንግአን ስትባል የታንግ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። የጥንቱ የሐር ንግድ መንገድም ይነሳ የነበረው ከእሷ ነው። ልጄ የመጣው ግን ከጥንት ንጉሥ መቃብር አጠገብ ተቀብረው ለተገኙት የሸክላ ወታደሮች ነው። እናቴ ለመስጊዱ። እኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሆዴ።

ለእንደኛ ዓይነቱ ሙስሊም ቤተሰብ ቻይና ውስጥ ምግብ ጣጣ አለው። የአሳማ ሥጋ ያልነካውን ለማግኘት የሾርባውን መረቅ ሳይቀር ማጣራት ያስፈልጋል። እናቴ ይህን ስለሰማች የሻንጣዋን ግማሽ ድርቆሽ ሞልታ ነው የመጣችው። ሺአን ላይ ግን ተነፈስን። መሀል ከተማ ካለው የጥንት የከበሮ ግንብ ጀርባ ሁዊ የሚባሉት ቻይናውያን ሙስሊሞች የሚኖሩበት ትልቅ ሰፈር አለ። በየምግብ ቤቱ በር ላይ «ቺንግዠን» ተብለው የሚነበቡ ሁለት የቻይንኛ ፊደላት ታያላችሁ። ቃል በቃል «ንጹሕና እውነተኛ» ማለት ነው፤ በእኛ ሐላል። ትንሿ ልጄ ሁለቱን ፊደላት በግማሽ ቀን ለይታ ያዘቻቸው። ከዚያ በኋላ መንገድ መሪያችን እሷ ሆነች።

የሰፈሩ ዋና ጎዳና ቤይዩዋንመን ይባላል። እሱን አንድ ጊዜ እዩትና ውጡ። መብራት፣ ጭስ፣ በእንጨት መዶሻ ከረሜላ የሚቀጠቅጡ ጎረምሶች፣ ስልኩን ከፍ አድርጎ የሚቀርጽ ሕዝብ። እዚያ የበላነው የበግ ጥብስ ከሥጋው ከሙኑ ይበዛ ነበር። ወደ ውስጥ ታጥፋችሁ ዳፒዩዋን የሚባለው መንገድ ላይ ስትደርሱ ግን ነገሩ ይረጋጋል። የሰፈሩ ሰው ራሱ የሚበላው እዚህ ነው።

የምነግራችሁን ቤት ስም አልጽፍም፤ ማንበብ ስለማልችል ነው። ታፔላው ቻይንኛ ብቻ ነው። ምልክቱ ግን ቀላል ነው። በመስኮት ስታዩ ሰዎች ባዶ ጣባ ላይ አጎንብሰው፣ ማንም ሳይበላ፣ ጣታቸውን ብቻ ሲያንቀሳቅሱ ካያችሁ ግቡ።

ምግቡ ያንግሮው ፓኦሞ ይባላል። የበግ መረቅ ውስጥ የተቀቀለ ቂጣ ነው። ሲነገር ምንም አያጓጓም። አስተናጋጇ መጣች፣ ጣት ቆጠረች፣ ከፈልን፣ ሄደች። ስትመለስ ለእያንዳንዳችን አንድ ባዶ ጣባና ሁለት ሁለት ቂጣ ይዛ ነው። ቂጣው መዳፍ የሚያክል፣ ወፍራም፣ ድርቅ ያለ ነው። እርሾው ትንሽ ስለሆነ ውስጡ ጥጥ አይልም። ባሌ አንዱን ገምጦ «ይሄ ጥርስ ይሰብራል፤ ሾርባው የት አለ?» አለ። ሾርባ የለም። ሾርባው የሚመጣው ቂጣውን ቆርሳችሁ ስትጨርሱ ነው።

እንደ መጣልን እየገመስን ጣባው ውስጥ መጣል ጀመርን። አንድ ጠረጴዛ የተጋራን ሽማግሌ ሲያዩን ቆይተው አላስቻላቸውም። የራሳቸውን ቂጣ አንስተው አሳዩን። መጀመሪያ ለሁለት ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ለአራት። ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል ቁንጥር፣ ቁንጥር፣ ቁንጥር። ልኩ የአኩሪ አተር ፍሬ ነው። በቢላ ለምን አይከተፍም? በቢላ የተቆረጠ ጎኑ ልሙጥ ስለሚሆን መረቁ ይንሸራተትበታል። በእጅ የተቆነጠረው ሻካራ ስለሆነ ይመጠዋል። እናቴ ይህን ስተረጉምላት ሳቀች። «እንጀራውንስ ለምን በእጃችን የምንፈተፍት መስሏችሁ ነው?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታዩ። እናቴ እጅጌዋን ሰበሰበች። ጣቷ ዓይን አይከተለውም። ወሬዋንም አላቋረጠችም፤ ስለ ጎረቤት ሠርግ እያወራች ሁለቱን ቂጣ ጨርሳ የትንሿን ተቀበለቻት። ጣባዋ ውስጥ ያለው ሁሉም አንድ ልክ ነው፤ ሰፌድ ላይ የተለቀመ ምስር ይመስላል። ሽማግሌው አንገታቸውን ዘርግተው አዩና አውራ ጣታቸውን አነሡላት። እሷም መልሳ አነሣችላቸው። በቃ፣ በጉዞው ሁሉ አስተርጓሚ ያልፈለገ ንግግር እሱ ነበር።

እኔ 40 ደቂቃ ፈጀብኝ። ጥፍሬ ሥር ሁሉ ቂጣ ሆነ። ግን ስንት ቀን ሙሉ ከሙዚየም ወደ ሰልፍ፣ ከሰልፍ ወደ ባቡር ስንሯሯጥ ከርመን አምስታችን ስልክ ሳንነካ የተቀመጥነው እዚህ ነው። እጃችን ዱቄት ስለሆነ ስልክ የሚነካ የለም። ልጄ ያለፈውን ቀን እንደገና ያወራ ጀመር። ወታደሮቹ የተገኙት ገበሬዎች የጉድጓድ ውሃ ሲቆፍሩ ነው፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 1974። ወታደሮቹ ከተገኙባቸው ጉድጓዶች በትልቁ ብቻ ስድስት ሺህ ገደማ እንዳሉ ይገመታል። «በእኛ ስንት ነው?» አለች እናቴ። 1966። ቂጣው እጇ ላይ ቆመ። «ታዲያ ያን ጊዜ'ኮ ነው አባቴ ለሙስሊሞቹ የእኩልነት ሰልፍ የወጡት! ሚያዝያ ላይ። በር ላይ ቆሜ ሸኝቻቸዋለሁ።» ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ነግራኝ አታውቅም። ሺአን ላይ፣ ቂጣ ስትቆነጥር ነገረችኝ።

ጣባው ሲሞላ አስተናጋጇ ቁጥር ያለው የፕላስቲክ ምልክት ሰክታ ወደ ማእድ ቤት ትወስደዋለች። እያንዳንዱ ጣባ ለብቻው ነው የሚበስለው፤ የአንዱ ቂጣ ከሌላው አይቀላቀልም። ምልክቱም የቆረስከው ራስህን ተከትሎ እንዲመጣ ነው። የሁላችንም ሄደ። የባሌ ተመለሰ። ወጥ ሠሪው አይቶት አልተቀበለውም። አስተናጋጇ አንዱን ጉማጅ አንሥታ ዓይኑ ሥር ይዛ «ይሄ ምንድን ነው?» በሚል ፊት ቆመች። እውነትም የባሌ ለዶሮ የተጣለ ነበር የሚመስለው። በማሽን የተቆረጠ ካለ ስጡኝ ማለት አማረው። ልጁ እያየው ስለሆነ ግን አፈረና እንደገና ጀመረ።

ከማስገባታችሁ በፊት የመረቁን መጠን ትመርጣላችሁ። እዚህ ላይ የስልኩ አስተርጓሚ አሳቀን። አንዱን «ደረቅ» አለን፤ መረቁን ሁሉ ቂጣው ጠጥቶት የሚቀርብ ነው። ሌላውን «አንድ አፍ ሾርባ» አለን፤ በልታችሁ ስትጨርሱ አንድ ፉት የሚሆን መረቅ ሥሩ ላይ የሚቀርበት። ሦስተኛው «ውሃ ከተማ ከበበ» ነው። ቂጣው መሀል ላይ ይከመራል፣ መረቁ ዙሪያውን ይተኛል። ባሌና ልጄ የዚያን ቀን ጠዋት በከተማዋ ግንብ ላይ ሙሉውን ዙር በብስክሌት ዞረው ነበር። ከ13 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፣ ያውም በነሐሴ ፀሐይ። ስለዚህ «ከተማ» የሚለውን ሲሰሙ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። እኔና እናቴ አንድ አፍ አልን። የእኛ ይሻላል። የተከበበችው ከተማ ግማሽ ሳትበላ መረቋ ይቀዘቅዛል።

አሁን ጣዕሙ። መረቁ ነጣ ያለ፣ ወፍራም፣ ከአጥንት ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ ነው። ሽታው ላይ ቀረፋ አለ። ከእሱ ሥር ደግሞ ኮረሪማ የሚመስል ነገር አለ፤ እናቴን ያስደነገጣት እሱ ነው። እነሱም ኮረሪማን የሚመስል ትልቅ ጥቁር ቅመም አላቸው፣ ጭስ ጭስ የሚል። ቂጣው እንደፈራሁት አልላቆጠም። ከውጭ ለስልሶ ውስጡ ላይ ገና ጥርስ ይይዛል፤ በደንብ የተሠራ ቂንጬ ይመስላል። መሀሉ ላይ ጥቁር እንጉዳይ፣ የሚያንሸራትት ቀጭን ክር መሰል ነገር፣ ላዩ ላይ ድንብላል ቅጠል። ማማሰል ክልክል ነው። ሽማግሌው ልጄ ማንኪያውን ሊያዞር ሲል እጁን ያዙት። ከጠርዝ እየጀመራችሁ ወደ ውስጥ ነው የምትበሉት፤ ሙቀቱ እስከ መጨረሻው የሚቆየው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከጎን ቀይ የቃሪያ ድልህና በስኳርና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ነጭ ሽንኩርት ይመጣል። ድልሁ ቀለሙ ያስፈራል እንጂ ሞኝ ነው፤ ከአዋዜ ጋር አይተያይም። ነጭ ሽንኩርቱ ግን! ፍሬው እንዳለ ነው የሚቀርበው፣ ልጣጩን ገፍታችሁ ነው የምትበሉት። ቅባቱን ይቆርጠዋል፣ አይሰነፍጥም፣ ይጣፍጣል። አራት ፍሬ በላሁ። ማታ ሆቴል ሊፍት ውስጥ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። አይቆጨኝም።

ቅሬታዬን ደግሞ ስሙ። ሥጋው ትንሽ ነው። በ38 ዩዋን ጣባ ውስጥ አራት ስስ ቁራጭ ብቻ ቆጠርኩ። ሥጋው የሚበዛበት ሌላ ደረጃ እንዳለ የገባኝ ከፍዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው፤ እናንተ ቀድማችሁ ጠይቁ። አስተናጋጆቹ ክፉ አይደሉም፣ ግን ይጮኻሉ። ትንሿ ልጄ የተቆጧት መስሏት ልታለቅስ ነበር፤ ለካ ቁጥር እየጠሩ ነው። የሚጠጣ ውሃ ስትሉ የሚመጣው ትኩስ ነው፣ ነሐሴም ቢሆን። ቀዝቃዛ ከፈለጋችሁ በጠርሙስ የሚሸጠውን ብርቱካን ለስላሳ እዘዙ፤ ከተማው ሁሉ የሚጠጣው እሱን ነው። የቤቱ አየር ማቀዝቀዣ ድምፅ እንጂ ቅዝቃዜ የለውም። መጸዳጃ ቤት የለም፣ ወጥታችሁ የሰፈሩን መፈለግ ነው። ክፍያው በስልክ ነው። ባሌ የባንክ ካርዱን ስልኩ ላይ አስቀድሞ ስላስገባ እንጂ ጥሬ ብር ብናወጣ መልስ ያገኙልን አይመስለኝም።

ከልጅ ጋር ከሄዳችሁ አንድ ጣባ ለሁለት ልጅ ይበቃል። በጣም ከባድ ምግብ ነው። እኛ አላወቅንም ነበርና የትንሿን ባሌ ጨረሰው። ያ ሲያጉረመርም የነበረው ሰውዬ!

ከምሳ በፊት ታላቁን መስጊድ ብታዩ ጥሩ ነው፤ በእግር ቅርብ ነው። ጉልላት አትፈልጉ፣ የለውም። በትውፊት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ742 ነው ይባላል። አሁን ያለው አብዛኛው ግን ከዚያ በኋላ የመጡት የሚንግ ነገሥታት ዘመን ሥራ ነው። አምስት ግቢ ተከታትሎ ነው፤ የእንጨት በር፣ የተጠማዘዘ ጣሪያ፣ ዛፍ፣ ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ዐረብኛ። ባሌና ልጄ ዙህር ሰግደው እስኪወጡ እኔና እናቴ ጥላው ሥር ተቀመጥን። ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አንድ አዛውንት አልፈው ሲሄዱ «አሰላሙ አለይኩም» አሉን። እናቴ ቀኑን ሙሉ «አየሽ፣ አየሽ» ስትል ዋለች።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ለምግቡ ከ10 ዘጠኝ፣ ለመስተንግዶው አምስት። ከምሳ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ሂዱ፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ ቆማችሁ ነው የምትጠብቁት። ርቧችሁ ግን አትሂዱ። ለራበው ሰው 40 ደቂቃ ቂጣ መቆንጠር ቅጣት ነው።

ማታ ሆቴል ስንገባ ትንሿ ኪስ ውስጥ ቁጥር 46 ተገኘ። የጣባዋን ምልክት ይዛው መጥታለች። «የሰው ዕቃ ነው፣ ነገ ይመለሳል» አለች እናቴ። ባሌ በማግስቱ ጠዋት እኛ ሻንጣ ስናስር «እኔ ሮጥ ብዬ አድርሼው ልምጣ» ብሎ ወጣ። ሆቴላችን ከዚያ አሥር ደቂቃ ነው። ተመልሶ የመጣው ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ምነው ቆየህ ብለው «ሰልፍ ነበር» አለኝ። ጥፍሩ ሥር ቂጣ ነበር።