ሰርቨር ማስተዳደር፦ በተርሚናል ወይስ በሲፓነል?

ሊኑክስ ሰርቨር የተከራየ ሰው ሁሉ ቶሎ የሚገጥመው ጥያቄ ነው። ተርሚናል ትዕዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት ነው፤ ሲፓነል ደግሞ በብራውዘር ተከፍቶ በክሊክ የሚሠራ ማስተዳደሪያ።

ወጪ፦ ተርሚናል ነጻ ነው፤ ከሩቅ ወደ ሰርቨሩ የሚያስገባው ኤስኤስኤች ከሊኑክሱ ጋር ይመጣል። ሲፓነል የፈቃድ ክፍያ አለው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ ሂሳቡ በአካውንት ብዛት ይጨምራል። በዶላር ስለሆነ አዲስ አበባ ላለ ሰው ራስ ምታቱ እጥፍ ነው።

ቅለት፦ ሲፓነል ያሸንፋል። ኢሜይል መክፈት፣ ዳታቤዝ መፍጠር፣ ባክአፕ ማውረድ በጥቂት ክሊክ ያልቃል።

ኢንተርኔት፦ ተርሚናል የሚልከው ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ደካማ መስመርንም ይችላል። መስመሩ መሀል ላይ ቢቋረጥስ? ቲመክስ በሚባለው የተርሚናል ፕሮግራም ውስጥ የጀመራችሁት ሥራ ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል። ተመልሳችሁ ስትገቡ ካቆማችሁበት ትይዙታላችሁ። ለእኔ ይሄ ብቻውን ሚዛን ይደፋል።

ስጋት፦ ተርሚናል ብዙ አይጠይቅም። በሩት (ሙሉ ሥልጣን ባለው አካውንት) የተሰጠ የማጥፊያ ትዕዛዝ ያጠፋል፣ አለቀ። ደግነቱ ድረ ገጽ የሚያቀርበውን ኤንጂንኤክስን ሪሎድ ከማድረጋችሁ በፊት ኮንፊጉን (የቅንብር ፋይሉን) የሚፈትሽ ትዕዛዝ አለ፤ ስህተቱ ያለበትን መስመር በቁጥር ይነግራችኋል። ሲፓነል ከእንዲህ ያለ ስህተት ይጋርዳል፣ ግን ራሱም ከውጭ የሚንኳኳ ተጨማሪ በር ነው። ኤስኤስኤች ላይ ግን የይለፍ ቃልን ዘግቶ በቁልፍ (ኮምፒውተራችሁ ላይ በሚቀመጥ የምስጢር ፋይል) ብቻ መግባት ይቻላል።

የብዙ ደንበኞችን ድረ ገጽ የምታስተናግዱ ከሆነና ደንበኛው ራሱ ኢሜይሉን መክፈት ካለበት ሲፓነል ክፍያው ይገባዋል። ሰርቨሩ ላይ ያለው አንድ ሁለት የራሳችሁ አፕ ከሆነ፣ ራሙም ትንሽ ከሆነ፣ ተርሚናል። ሲፓነል ውስጥም ቢሆን አስተናጋጁ ከፈቀደ ተርሚናል አለ፤ መልመጃው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።